ለበዓል ብላችሁ ሕመማችሁን አትደብቁ

እኩዮቼ፣ ሁዳዴ እየተገባደደ ነው። ሰሞነ ሕማማት ሳይገባ የምነግራችሁ አለኝ። ጉልበቱን የሚጠዘጥዘው፣ ወገቡን የሚቆረጥመው፣ ሪህ በሌሊት የሚቀሰቅሰው፣ ዓመት ከዓመት ከሕመም ጋር የሚያድር ሁሉ ይስማኝ።

ከ5 ዓመት በፊት በስቅለት የሠራሁትን ልንገራችሁ። ጉልበቶቼ ካረጁ ቆይተዋል፤ ሐኪም መጋጠሚያቸው ተበልቷል ብሎኛል። ነገር ግን ልጅ ሳለሁ ከጀመርኩ ወዲህ ስቅለትን ሳልሰግድ ውዬ አላውቅም ነበር። ያን ዓመትም ሳምንቱን በሙሉ ማታ ብቻ እየቀመስኩ ሰነበትኩ። አርብ ጠዋት ከቤት ስወጣ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በመሃረብ ቋጥሬ ጋቢዬ ውስጥ ሸጎጥኩ። መድኃኒት ጾም አይገድፍም ብዬ አንዷን ገና ከቤት ሳልወጣ በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ጉልበቴ አልታጠፍ ሲል ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞሬ ሁለት ደገምኩ። ካህኑ በወይራ ቸብ አድርገው የስግደቴን ቁጥር ሲነግሩኝ ደግሞ ሁለት። ባለ 50 ሚሊግራም አምስት ፍሬ፣ 250 ሚሊግራም ማለት ነው። ሐኪም ለጤነኛ ጎልማሳ እንኳ በቀን ከ150 አያሳልፍም። እኔ ደግሞ የደም ግፊት ያለብኝ፣ ሆዴ ባዶ የሆነ፣ ውሃ የጠማኝ ሽማግሌ ነበርኩ።

ሰግጄ ጨረስኩ። ሕመሙም ጠፋልኝ። እግዚአብሔር ረዳኝ ብዬ እያመሰገንኩ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ቄጠማዬን ራሴ ላይ አስሬ ስዞር ምድሪቱ ከሥሬ ትሸሻለች። ጾም ነው አልኩ። ሌሊት ዶሮ ሲጮህ ተልባውን ጠጥቼ ከልጆቼ ጋር ገበታ ቀረብኩ። ጠዋት መጸዳጃ ቤት ስገባ የወጣኝ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነበር። አየሁት። ምን እንደሆነም ልቤ ጠርጥሯል። ግን ሦስቱም ልጆቼ ከነልጆቻቸው መጥተዋል፣ በጉ ተገፏል፣ ጎረቤት ለእንኳን አደረሰህ በር ላይ ነው። በዓሉን አላበላሽም ብዬ ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄን ላቅፍ ጎንበስ ስል እዚያው ወደቅኩ።

ሆስፒታል ደም ተሰጠኝ። ጨጓራዬ ቆስሎ ሲደማ ነበር ያደረው፤ ኩላሊቴም ተነክቶ ነበር። ያከመችኝ ሐኪም በትዕግሥት አስረዳችኝ። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ወይም ኢንዶሜታሲን ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር ሲያፍን፣ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውንና ደም ወደ ኩላሊት በደንብ እንዲደርስ የሚያደርገውንም አብሮ ያፍናል። ለግፊት ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ይህን ሲጨምርበት ኩላሊቱ ከሦስት ወገን ይመታል፤ ውሃ ካልጠጣ ደግሞ ይብስበታል። እኔ ሁሉንም በአንድ ቀን አድርጌዋለሁ። ከፋርማሲው ስገዛም የግፊት መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ያለኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ማስታገሻው በመርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው። መድኃኒቱ በመርፌም ይግባ በአፍ የሚሠራው በደም ውስጥ ነው፤ ጨጓራንም ኩላሊትንም እኩል ያገኛቸዋል። በዕድራችን አንዲት ጎበዝ ባለሙያ እናት አሉ። ለሰው ድግስ እንኳ ዶሮ ሠሪ እሳቸው ነበሩ። በዓል በመጣ ቁጥር ዋዜማውን ክሊኒክ ሄደው መርፌ ይወጉና፣ በዚያች ዝቅ ባለች በርጩማ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ሲያቁላሉ፣ ዶሮ ሲያጥቡ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ሲያወጡ ያድሩ ነበር። ሰው ቤት ሲመጣ ፊታቸው ፈካ ብሎ ብሉልኝ ይሉ ነበር። ያማቸው እንደነበር ልጆቻቸው የሰሙት የኩላሊት እጥበት ሲጀመርላቸው ነው። ዛሬ የበዓል ሰሞን የሚያስጨንቃቸው የዶሮው ዋጋ አይደለም፤ የእጥበቱ ቀን በዓል ላይ እንዳይውል ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ስንት ዓመት ከእጃቸው በልቻለሁና።

እኛ ሕመምን መናገር ማማረር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ቻል አድርገው ተባልን፣ ቻልነው። ቻልነው የምንለው ግን ብዙ ጊዜ ሸፈንነው ማለት ነው። የምፈራላችሁ ይህን ነው። በዓሉ ሦስት ቀን ነው፤ «ለዛሬ ብቻ» እያልን የምንጨምራት ኪኒን ግን በዚያች ቀን ብቻ አትቀርም።

ስለዚህ ከአሁኑ ተነሡ። የዘወትር መድኃኒታችሁን በዓሉ ሳይገባ ግዙ፤ በዕለቱ ፋርማሲው ተዘግቶ ከጎረቤት የምትለምኑት ኪኒን የእናንተ አይደለም። ስትገዙ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ፣ ባትጠየቁም። ማስታገሻ በባዶ ሆድ አትዋጡ። ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ባለ 500ው በቀን ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም፣ ለደካማ ሰው ከዚያም ያንሳል፣ ከአረቄ ጋር ደግሞ ጉበት ይጎዳል። ለአስም ወይም ለቁርጥማት ፕሬድኒሶሎን የታዘዘላችሁ፣ በዓል ነው ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡት፤ በድንገት ማቆሙ ያዝለፈልፋል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ሪህ ያለባችሁ፣ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ከቅርጫው ዱለቱንና ጥሬውን፣ በላዩም ቢራውን አትደርድሩበት፤ የእግራችሁ አውራ ጣት በሌሊት በእሳት የተጠበሰ ያህል ሆኖ ይቀሰቅሳችኋል።

ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ። እኔ ከሆስፒታል በወጣሁ በወሩ ሄጄ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ተቆጡኝ፣ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም ብለው። ለታመመ ቤተ ክርስቲያን ጾሙንም ስግደቱንም በልኩ ታደርግለታለች፤ ግን መታመማችሁን ሳትነግሯቸው እንዴት ያውቃሉ? መቋሚያው የተሠራው ሊደገፉት ነው።

እናንት እናቶች ደግሞ ሽንኩርቱን ሐሙስ አስከትፉት፣ ዶሮውን ለልጆች አስተምሩበት። ከበርጩማው ተነሥታችሁ መደገፊያ ባለው ወንበር ተቀመጡ፤ ግማሽ ሰዓት በሠራችሁ ቁጥር ቀና ብላችሁ ግቢውን ዙሩ። ተኮራምቶ መዋልም ጉልበት ያደርቃልና ማግስቱን ተኝታችሁ አትዋሉ። ወጡ ቢቀጥን ማንም አይሞትም።

ሰገራችሁ ከጠቆረ፣ ቡና የመሰለ ካስመለሳችሁ፣ ሽንታችሁ ካነሰ፣ እግራችሁ ካበጠ፣ ፋሲካ ነው ብላችሁ አንዲት ሰዓት አትቆዩ። ልጆቻችሁ ገበታውን ጥለው ይሸከሟችሁ።

ዘንድሮ ስቅለትን የምውለው ከምሥራቁ በር በስተግራ፣ ከግንቡ ሥር ነው። ወንበር ይዤ እመጣለሁ፤ ሌሎች ሲሰግዱ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ። አጠገቤ ለሁለት ለሦስት ሰው የሚሆን ጥላ አለ፣ ጉልበቱ የደከመ ወንበሩን ይዞ ይምጣ።