ፓውሌታ በየት በር ገባ?

የፖርቱጋል አጥቂ ሲነሳ ክርክሩ ሁሌ ሮናልዶ ላይ ያልቃል። እኔ ግን ዛሬ ፓውሌታን ላንሳ።

የአዞረስ ደሴቶች ልጅ ነው። በሀገሩ አንደኛ ዲቪዚዮን አንድም ጨዋታ አልተጫወተም፤ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን በቀጥታ ወደ ስፔን፣ ወደ ሳላማንካ ተሻገረ። ከዚያ በዲፖርቲቮ፣ በቦርዶና በፓሪ ሴን ዠርሜን ተጫወተ፤ በፈረንሳይ ሊግ ሦስት ጊዜ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢዩሴቢዮን የ41 ጎል ክብረ ወሰን ሰብሮ፣ ለብሔራዊ ቡድኑ በ47 ጎል ጨረሰ። እርግጥ በ2004ቱ የአውሮፓ ዋንጫ አንድም ጎል አላገባም፤ ፖርቱጋልም በሜዳዋ ለፍጻሜ ደርሳ በግሪክ ተሸነፈች። ቢሆንም የመጣበትን በር ጠቅሶ አጥቂነቱን የሚክድ የለም።

እኔ እዚህ የገባሁት ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተዛውሬ ነው። በማኅበራችን የመጀመሪያ ምሽት «ፍሬሽማን እያለህ የት ነበርክ?» ስባል አፍሬ ወሬ አስቀየርኩ። ዘንድሮም ተዛውረው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ አማካሪ ተማሪ የምንመድበው ግን ለፍሬሽማን ብቻ ነው። ለእነሱም እንመድብላቸው። በዚሁ መንገድ ያለፋችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም ካላችሁ፣ እባካችሁ አንድ አንድ ልጅ ያዙልን።