ግድግዳው ሳይደርቅ ኪሳችሁን አታድርቁ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ግድግዳ ነው። «ደግሞ ግድግዳ ምን ወግ አለው?» የምትሉኝ ካላችሁ የጭቃ ቤት አሠርታችሁ አታውቁም ማለት ነው! እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። የምነግራችሁ ከአክስቴ ግድግዳ ሥር ቆሜ የተማርኩትን ነው። ትምህርቱም በነፃ አልነበረም።

አክስቴ የምትኖረው ኮኪት ነው። ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ገንዳ ውኃን አልፋችሁ፣ መተማ ዮሐንስ ሳትደርሱ የምታገኟት የቆላ ከተማ ናት። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ምጣድ ነው የሚሆነው። አክስቴ ከሻይ ቤቷ ጀርባ ሁለት የኪራይ ክፍሎች አሏት። ኑሮዋ በእነሱ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ብዙ ሰው ወደ አገራችን ገባ። እግረ መንገዱንም አክስቴ ዘንድ ክፍል ጠያቂ መጣ። ችግሩ ባዶ የነበረችው ክፍል ግድግዳ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረባት። ተከራዩ «በሳምንት ካደረስሽልኝ ከነቤተሰቤ እገባለሁ» አላት።

እኔ በዚያ ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። በሰፈሩ የታወቁ መራጊ ተጠሩ፤ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው። ግድግዳውን አንኳኩ፣ ከውጭ ዞረው አዩና «ይኼ የተሰነጠቀው ከሥሩ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሠረቱ ላይ ነው የሚያርፈው። መጀመሪያ ውሃውን እናርቅ፤ ጭቃውም ይቡካ» አሉ። እኔ ግን የከተማ ሰው ነኛ! «ጋሼ፣ ስንጥቁን ብቻ ይድፈኑልን፤ ሙሉውን አሁኑኑ እከፍላለሁ» አልኩና ከኪሴ ቆጠርኩላቸው። አክስቴ ፊት ደግ መባል ፈልጌ ነበር። በአራት ቀን ተመርጎ፣ ተለስኖ፣ ተቀብቶ አለቀ። ተከራዩም ግንቦት ላይ ገባ።

ሐምሌ ላይ ስልክ ተደወለ። ግድግዳው በሌሊት ተንዷል! ምሽቱን ጣሪያው አፍስሶባቸው ስለነበር የልጆቹን አልጋ ወዲያኛው ጥግ ወስደውት ኖሯል። ባይወስዱት ኖሮ … እሱን ማሰብ አልፈልግም።

እየበገንኩ ሄድኩ። ጋሼ የሉም፤ ለሰሊጥ አረም እርሻ ወርደዋል። ሳምንት ጠብቄ ሲመለሱ «ሙሉ ገንዘብ ወስደው እንዲህ ያደርጉናል?» ብዬ ጮኽኩባቸው። ረጋ ብለው «ልጄ፣ ያልኩህን ረሳኸው? አንተ አስቸኮልከኝ፤ እኔም ገንዘቡን አይቼ እሺ አልኩ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው» አሉኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼኔ ነው። መልስ አጣሁ።

ይህ ሳያንስ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣና አክስቴን «ዝም ብለሽ ጅብሰም ቦርድ አልብሽው፤ የጎንደር ሆቴል ነው የሚመስለው!» አላት። እውነቱን ለመናገር ጅብሰም መጥፎ ነገር አይደለም። በሁለት ወፍራም ወረቀት መካከል የተጋገረ ጅብሰም ነው፤ ድንጋዩ በእኛም አገር በዓባይ በረሃ ይገኛል። ክፍል ለመክፈልና ለኮርኒስ ቀላልና ፈጣን ነው። ግን ውሃ ከጠጣ ይላሽቃል፤ ወረቀቱን ደግሞ ምስጥ ይወደዋል። ከታች እርጥበት በሚስብ የጭቃ ግድግዳ ላይ ብታለብሱት በሽታውን ሸፈናችሁት እንጂ አላዳናችሁትም። ከጀርባው ምስጡ በሰላም ቋሚውን ሲበላ እናንተ ቀለሙን እያያችሁ ትደሰታላችሁ!

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። መራጊም ሆነ ጅብሰም ሠሪ ከመቅጠራችሁ በፊት እነዚህን አምስት ነገሮች ያዙ።

1ኛ. ስለ ስንጥቁ ምክንያት ጠይቁ። የቆላው ጥቁር የዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ባለሙያው ስንጥቁን ብቻ አይቶ ዋጋ ከነገራችሁ ተጠራጠሩ። ከውጭ ዞሮ መሠረቱን፣ የውሃ መውረጃውንና የቋሚዎቹን ሥር ካየ ግን ሥራ ያውቃል ማለት ነው። ቋሚውን በቢላዋ ወጋ አድርጉት፤ ቢላዋው ዘው ካለ ምስጥ ጨርሶታል፤ ምርጊት አያድነውም።

2ኛ. ወቅቱን ምረጡ። ሰኔና ሐምሌ ዘር ነው፣ ከዚያ አረም ነው፣ መስከረም ካለፈ በኋላ የሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ቆይቶ ከታጨደ ይረግፋል። በዚህ ጊዜ የቀን ሠራተኛ ሁሉ ወደ እርሻ ይሮጣል፤ ግድግዳችሁ በጅምር ይቀራል። ከአዝመራ በኋላ ያለው በጋ ለሥራውም፣ ለመድረቁም፣ ለዋጋውም ይሻላል።

3ኛ. ጭቃውን አታስቸኩሉት። ጭዱ ከጭቃው ጋር ተረግጦ ቀናት መቡካት አለበት። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰነጣጠቁ አይቀርም፤ ሁለተኛው የሚደረበው ያ ስንጥቅ ከወጣ በኋላ ነው። በእርጥቡ ላይ ከተደረበ ውስጡ ሳይደርቅ ይታፈናል። በጭቃ ላይ ሲሚንቶ ልለስን የሚላችሁም ካለ የሽቦ መረብ መምታቱን ጠይቁ፤ አለዚያ ተገሽልጦ ይወርዳል።

4ኛ. ገንዘቡን አራት ቦታ ክፈሉት። አንዱ ሩብ ቀብድ ለጭድና ለአፈር፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ምርጊት ሲያልቅ፤ ሦስተኛው ደርቆ ሁለተኛው ሲደረብ፤ የመጨረሻው ሩብ ግድግዳው አንድ ከባድ ዝናብ ካሳለፈ በኋላ። ጅብሰም ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉ። በብዛት የሚገኘው ቦርድ 1.20 በ2.40 ሜትር ነው። 4 ሜትር ርዝመትና 2.40 ሜትር ከፍታ ላለው ግድግዳ ለአንድ ፊት 4 ቦርድ ይበቃል፤ እንዲያውም ቁራጭ ይተርፋል። ሰባት አምጡ ካላችሁ ሦስቱ የት እንደሚሄዱ ጠይቁ!

5ኛ. በወረቀት አድርጉት። «የምናውቃቸውን ሰው እንዴት ውል እንጠይቃለን?» እንላለን። ውል የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ይልቅ ሳይጣሉ በፊት መታረቅ ነው። ሥራው፣ ዋጋው፣ ቀኑ ተጽፎ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሰው ቀኑን ነው የሸጠላችሁ፤ በጥቅል የተዋዋለው ግን ውጤቱን ነው የሸጠላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የቤት ሥራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን አንሥቶ ለ10 ዓመት ስለ አሠራሩና ስለ ጥንካሬው ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። ግን ወረቀት ሳይኖር ማን ምን እንደተዋዋለ በምን ታስረዳላችሁ?

አክስቴ ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ ግድግዳውን እንደገና አሠራች። በማን መሰላችሁ? በእኚያው ጋሼ! ውሃው በቦይ ተመለሰ፣ ሁለት የተበሉ ቋሚዎች ተቀየሩ፣ ጭቃውም እስኪበቃው ቦካ። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቀየሙኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ጋሼ ግን አስነብበው አዳመጡና «አንድ ነገር ጨምርበት» አሉኝ። «ምን ልጨምር ጋሼ?» ስላቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«የእህቷ ልጅ አያስቸኩለኝ፤ ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ፤ ሁለቱ ምስክሮች እየሳቁ ፈረሙ። የመጨረሻዋን ሩብ ጋሼ የተቀበሉት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ግድግዳውም ቆሟል። ቸር ያሰንብተን!