«ችሎቱ» ከመጽሐፍ ወደ መድረክ

አንድ ታላቅ ልብ ወለድ ወደ ቴአትር ሲለወጥ «መጽሐፉ ተበላሸ» የሚል ጩኸት መሰማቱ የተለመደ ነው። የፍራንዝ ካፍካ «ችሎቱ» ግን ይህን ጩኸት መልስ ያሳጣዋል። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሞት መጽሐፉን ሳይጨርስ ትቶት ስለ ነበር፥ ምዕራፎቹን በቅደም ተከተል አሰልፎ በ1925 ያሳተማቸው ወዳጁ ማክስ ብሮድ ነው። እንግዲህ የሌላ ሰው እጅ ያልነካው «ችሎቱ» ከቶ የት ይገኛል?

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የባንክ ሹም የሆነው ዮሴፍ ካ. በሠላሳኛ ዓመት ልደቱ ጧት ይያዛል፤ ጥፋቱን ግን ማንም አይነግረውም። (የመዝገብ ቤት ደጅ የጠና ሰው ነገሩ አይጠፋውም።) አንባቢው ከእርሱ ጋር ይደናበራል፤ ተመልካች ግን ከውጭ ሆኖ ያየዋል። ሰነፍ አዘጋጅ ይህን ጕድለት ለመሙላት ተራኪ አቁሞ ምስጢሩን ያስረዳል፤ ፍርሃቱም ያን ጊዜ ይሞታል። ልብ ወለድ ለመድረክ ለማዘጋጀት የምታስቡ ወጣቶች ከዚህ ተጠንቀቁ።

እ.ኤ.አ. በ1947 አንድሬ ዢድና ዣን ሉዊ ባሮ ድርሰቱን ለመድረክ አሰናድተው በፓሪስ ማሪኚ ቴአትር ሲያቀርቡ፥ ዋናውን ሰው የተጫወተው ባሮ ራሱ ነበር፤ ያለ ቃል በአካል መናገርን የተካነ ተዋናይ ነበርና። በ1970ዎቹ ደግሞ እንግሊዛዊው ስቲቨን በርኮፍ ግድግዳና አዳራሽ መሥራቱን ትቶ ለተዋንያኑ ባዶ ክፈፎች አስያዛቸው። ክፈፉ አንዴ በር፥ አንዴ መስኮት፥ አንዴም መተላለፊያ ይሆናል። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው፤ ካ. የሚያልፍበት በር ሁሉ በሰው እጅ የተያዘ መሆኑን ተመልካቹ በዐይኑ ያያልና።