ሞኒተሩ ከመርካቶ፣ ጠረጴዛው ከደጎሎ

የጃማዋ ደጎሎ ላይ ቤቱ ውስጥ ኮምፒዩተር ሊተክል ያሰበ ነጋዴ ሞኒተሩን ከመርካቶ ቢያስመጣ አይፈረድበትም። የውጭ ዕቃ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው የዶላርን መንገድ ይከተላል። ጠረጴዛውንም አብሮ በአይሱዙ ማስጫን ግን ምን የሚሉት ንግድ ነው? ቺፕውድ የተጨመቀ የእንጨት ስብርባሪ ነው። ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ብሎኑ አንዴ ከተነቀለ መልሶ አይዝም። የጭነቱ ሒሳብ ሲታከልበት ደግሞ የአገሩ አናጢ ሊያገኘው የሚገባ ገንዘብ አዲስ አበባ ቀረ ማለት ነው።

እርግጥ አናጢው ልኩ ካልተነገረው የምግብ ጠረጴዛ ሠርቶ ያስረክባል። ስለዚህ ልኩን ይዞ መሄድ የገዢው ፈንታ ነው፦ ከፍታው 73 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ከፊት ወደ ኋላ ስፋቱ ከ70 የማያንስ፤ ሞኒተሩ ከዓይን ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ፣ የላይኛው ጫፉም ከዓይን ትይዩ ይዋል። እንጨቱ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደርቆ መክረሙን ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ፤ እርጥቡ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ከጭነቱ በተረፈው ገንዘብ ስታቢላይዘር ይገዛበት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚጎዳው ኮምፒዩተሩ ነው።