ለሐኪም ያልታየ ለገናዥ ይታያል

ዛሬ የምጽፈው ስለ ቆለጥ ካንሰር ነው። አዎ፣ ስለ ቆለጥ! ጋዜጣውን ታክሲ ውስጥ ገልጣችሁ የያዛችሁ ወገኖች፣ አጠገቤ ያለው ሰው አየኝ አላየኝ ብላችሁ ገጹን እንዳታጥፉት አደራ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ወረዳ ጉቦ፣ ስለ ምርጫ ስንጽፍ ድምፃችን ከፍ ያለ ነው። ከእምብርት በታች ያለው አገር ግን ዛሬም አልተጎበኘም። ዜናውን የሚነግረን ጋዜጠኛም፣ ሹምም፣ መምህርም የለም። እዚያ አገር ውስጥ ጎረምሶች ይሞታሉ። ብዙ ናቸው አልልም። የሚያንገበግበው መዳን በሚቻልበት በሽታ መሞታቸው ነው።

ነገሩን ከሰፈሬ ልጀምር። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ደጄ ላይ ቆሜ ቀና ስል የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታየኛል። ስሙን የማልጠራው አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ ጋራዥ የሚሠራ የ24 ዓመት ጎረምሳ፣ አንደኛው ፍሬው ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘ። አያመውም። “ኳስ መትቶኝ ይሆናል” ብሎ ተወው። ጠጠሩ አደገ። ለእናቱ እንዳይናገር አፈረ፤ ለአባቱ እንዳይናገር ፈራ፤ ለጓደኞቹ ቢነግር ደግሞ በማግስቱ የሰፈር መሳቂያ እንደሚሆን ያውቃል። ስድስት ወር እንዲሁ አለፈ። በኋላ አንድ ክሊኒክ ገባ። እዚያም ሱሪህን ዝቅ አድርግና ልይህ ያለው ሰው የለም። “ኢንፌክሽን ነው” ተብሎ ክኒን ተሰጠው። ክኒኑን ጨረሰ፤ ሌላ ክኒን ተጨመረለት። እናቱ ነገሩን ያወቁት ልጁ ወገቡን ይዞ ማቃሰት ሲጀምር ነው።

“ምን ሆነህ ነው ልጄ?”

“ምንም አልሆንኩም እማዬ፤ ብርድ ነው።”

“ብርድ እንዲህ አያከሳም። በሞቴ፣ ንገረኝ!”

ነገራቸው። እናት አልጮሁም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ልጃቸውን ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ጠበል፣ ቀጥሎ ሆስፒታል። ፍሬው በቀዶ ጥገና ወጣለት፤ በሽታው ወደ ሆዱ ተሰራጭቶ ስለነበር ኬሞቴራፒ ተከተለ። ጸጉሩ ረገፈ፣ ከሳ፣ ጠቆረ። ዛሬ ግን በሕይወት አለ። እሰይ! ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም፤ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን የሽማግሌ በሽታ ይመስለናል። ይኼኛው ግን በአብዛኛው የሚይዘው ከ15 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ያሉትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 74 ሺህ ያህል ወንዶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ በዚያው ዓመት 9 ሺህ ያህል ሞተዋል። በኖርዌይና በዴንማርክ ይበዛል፤ በአፍሪካ ያንሳል። “ታዲያ ከእኛ ካነሰ ምን አስጨነቀህ?” የሚለኝ አይጠፋም። ትንሽ ነው ማለት እኮ የለም ማለት አይደለም! በሽታው ብዙ በሆነበት አገር ሰው በጊዜ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። ትንሽ በሆነበት አገር ደግሞ በሽተኛው አያውቀውም፤ አንዳንዴም ያየው የጤና ባለሙያ አይጠረጥረውም። የሰፈሬን ልጅ ያየ ያውቀዋል።

ከ50 ዓመት በፊት ከፍሬው አልፎ የተሰራጨ የቆለጥ ካንሰር የሞት ፍርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የሆኑት ዶክተር ላሪ አይንሆርን፣ ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት ከሌሎች ሁለት ጋር አዋሕደው ተስፋ ለተቆረጠበት አንድ ወጣት ሰጡት። ወጣቱ ዳነ። የመድኃኒቱ መሠረት ሀብታሞች የጋብቻ ቀለበት የሚያሠሩበት ፕላቲነም ነው። ዛሬ ሕክምናው በተሟላበት አገር በጊዜ የተደረሰባቸው ሕሙማን ከ100 ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ከተሰራጨም በኋላ ቢሆን ብዙው ይተርፋል። መድኃኒቶቹ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገቡ ናቸው። ከጨረቃ የሚመጡ አይደሉም።

ምልክቱም ሊቅ አይጠይቅም። ሕመም የሌለው እብጠት ወይም ጠጠር፣ የአንዱ ፍሬ ከወትሮው መተለቅ ወይም መጠጠር፣ የመክበድ ስሜት፤ ይኸው ነው። በሕፃንነቱ ፍሬው ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ የቀረ ልጅ ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣልና እናቶች ልጅ ስታጥቡ ልብ በሉ። ጤነኛ ሰው በየወሩ ራሱን ይመርምር ወይስ አይመርምር በሚለው ላይ ሐኪሞች ይከራከራሉ። ለውጥ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ይታይ በሚለው ግን ማንም አይከራከርም።

የኳስ አፍቃሪ ሁሉ ሴባስቲያን ሃለርን ያውቀዋል። የአይቮሪ ኮስቱ አጥቂ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለቦሩሲያ ዶርትሙንድ በፈረመ ማግስት የቆለጥ ካንሰር ተገኘበት። ክለቡም ተጫዋቹም አልደበቁትም፤ ለዓለም ተናገሩ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ኬሞቴራፒ ወሰደ። በጥር 2015 ዓ.ም. ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ከሕመሙ በኋላ የመጀመሪያዋን የሊግ ጎል ያገባውም ጥር 27 ቀን፣ የዓለም የካንሰር ቀን በሚከበርበት ዕለት ነው። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አቢጃን ላይ የናይጄሪያን መረብ ነክቶ አገሩን የአፍሪካ ዋንጫ አስበላት። ያን ዕለት የኮተቤና የሾላ ቡና ቤቶች በጭብጨባ ሲናጉ እኔም ነበርኩ። “ይኼ ልጅ ካንሰር ነበረበት እኮ!” ሲሉ ሰማሁ። “የምን ካንሰር?” ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ጎሉን እንጂ በሽታውን አልተቀበልነውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሸናፊው የተሸናፊውን ወንድነት ቆርጦ ግዳይ በሚጥልበት ዘመን ውስጥ ያለፈን ሕዝብ ነን። “ሰለባ” የሚለው ቃላችን የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ስለዚህ አንድ ፍሬው በሐኪም የወጣለት ጎረምሳ ጆሮው ላይ የሚያቃጭልበት “ስልብ” የሚለው ስድብ ነው። ሐኪሞቹ ግን የቀረችው አንዷ ጤነኛ ፍሬ ለወንድነትም ለመውለድም በአብዛኛው በቂ ናት ይላሉ። ይህንን ማን ይንገረው?

በሽታን መደበቅ ደግሞ የጎረምሳ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ከላይ የወረደ ነው። ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን የቆረቆሩት ዳግማዊ ምኒልክ ለዓመታት ታመው በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ሞታቸው ከሕዝብ ተደብቆ ቆየ። መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከዓይን ሲሰወሩ “እየተሻላቸው ነው” ተባልን፤ ስለ ጤናቸው የጻፈችው ፍትሕ ጋዜጣ ዕትሟ ታገደ። በነሐሴ ብራስልስ ላይ ማረፋቸውን ሰማን። በሽታው ምን እንደነበር አገሩ በወጉ ሳይነገረው ቀረ። ቤተ መንግሥት ሕመሙን እንደ መንግሥት ምስጢር ከያዘ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ጠጠሩን ሱሪው ውስጥ ቢደብቅ ምን ይፈረድበታል?

ቢሆንም ተስፋ አልቆርጥም። ኀፍረት እንደሚሸነፍ እዚሁ እንጦጦ ላይ አይተናልና። በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ከየአገሩ ተሰብስበው እንጦጦ ማርያም ጠበል ዙሪያ ሰፍረው ነበር። አንዳንዱ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል መስሎት ክኒኑን ይጥል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አይጣሉም፣ ሁለቱንም ውሰዱ ብለው በይፋ አስተማሩ። ስሙን ለመጥራት እንኳ የምንፈራው በሽታ በየቤቱ የምንነጋገርበት ሆነ። አባቶች ሲናገሩ፣ ራዲዮኑ ሲናገር፣ ሕሙማኑ ራሳቸው አደባባይ ሲወጡ ነው ይህ የሆነው። የቆለጥ ካንሰር ከዚያ የከበደ ምስጢር ነው እንዴ?

እንግዲህ ወደ መንግሥት ልምጣ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለን። ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ተሰማርተውበታል፤ እናትና ሕፃን ከሞት አትርፈዋልና ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ሠራተኞቹ ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው፤ በር የሚያንኳኩትም በቀን ነው። ጎረምሳው በዚያ ሰዓት ጋራዥ ነው፣ ታክሲ ላይ ነው፣ ኳስ ሜዳ ነው። ቤት ቢገኝስ በእህቱ ዕድሜ ላለች ልጅ “እስኪ ቆለጤን ስሚኝ” ይላታል? በጤና ፖሊሲያችን ውስጥ ወጣት ወንድ ማለት ኮንዶም የሚታደለው ፍጡር ነው፤ ከዚያ ውጭ የለም።

ለካንሰር የተሰጠውን ግምትም እናውቀዋለን። ወደ 100 ሚሊዮን ሕዝብ የተጠጋች አገር ለ20 ዓመት ያህል አንድ የጨረር ሕክምና ማዕከል ብቻ ነበራት፤ እሱም ጥቁር አንበሳ። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከተመዘገቡት የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸውና ለእነሱ የሚደረገው ዘመቻ ይጠናከር እንጂ ይቀነስ አልልም። በ4 ዓመቱ በደም ካንሰር ባረፈ ልጅ ስም የቆመው ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እንኳ አንድ ቤተሰብ ሐዘኑን ወደ ሥራ ሲለውጥ ምን እንደሚሠራ አሳይቶናል። አንድ ቤተሰብ የቻለውን አንድ መንግሥት ያቅተዋል?

አቅም የለንም አትበሉን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የካ ኮተቤ ሆስፒታል ወዲያው የኮሮና ማዕከል ሆነ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ እንጦጦ ላይ መናፈሻ ተመርቆ፣ ብስክሌት የሚነዳበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት ሆኗል። መናፈሻ አልጠላም፤ ንጹሕ አየር ለሁሉም ይበጃል። ግን ከተፈለገ ገንዘብም ጉልበትም እንደሚገኝ ምስክር ነው። የሚጎድለው ፈቃድ ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልጅ ልመለስ። ዳነ ብያችኋለሁ። ከዳነ በኋላስ? ሲስፕላቲን ካንሰሩን ሲገድል ነርቭና ጆሮ ሊነካ ይችላል። ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ጋራዥ ውስጥ ቡሎን ከእጁ ያመልጠዋል፤ አለቃው “ሰነፍክ” ይለዋል። ሌሊት ጆሮው ይጮህበታል። እጮኛ ነበረችው፤ ቤተሰቧ “ዘር የለውም” የሚል ወሬ ሰምተው አስተዉት። እውነት ዘር የለውም? ማንም አልመረመረውም፤ ራሱም አያውቅም! ኬሞቴራፒው መውለድን ሊያውክ ስለሚችል፣ ሌላ አገር ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ዘርን በቅዝቃዜ ማስቀመጥ እንደሚቻል ለሕመምተኛው ይነገረዋል። ለዚህ ልጅ የነገረው የለም።

በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከበሽታው የዳኑትን ጠይቆ ነበር። ልጅ ለመውለድ ከሞከሩት ውስጥ በ15 ዓመት ጊዜ 71 በመቶው አባት ሆነዋል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በክትትል ብቻ የቆዩት 92 በመቶ፣ ከባዱን ኬሞቴራፒ የወሰዱት 48 በመቶ። ይህ ቁጥር ለኖርዌይ ሰው ቁጥር ነው። ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ግን የሽማግሌ ያህል ነው። ለእጮኛው ቤተሰብ “ነገሩ እንደምታስቡት አይደለም” ብሎ የሚናገርለት ወረቀት ነው። ጥናት የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም ማለቴ ለዚህ ነው። የእኛዎቹ የዳኑት እንዴት እንደሚኖሩ፣ እንደሚሠሩ፣ እንደሚያገቡ ካልጠየቅን የሚመልስላቸው የሰፈር ወሬ ብቻ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የካ ውስጥ ኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ነገ ባዮሎጂ የሚያስተምሩትን ያወጣል። ስለ ቆለጥ ካንሰር አንድ ክፍለ ጊዜ ሳያፍሩ ማስተማር ይልመዱ። ጤና ጣቢያዎች በሣምንት አንድ ምሽት፣ በወንድ ባለሙያ፣ በተዘጋ ክፍል ለወጣቶች በራቸውን ይክፈቱ። የፍሬ እብጠት ይዞ የመጣን ወጣት ሳይመረምሩና አልትራሳውንድ ሳያዙ በክኒን መሸኘት ይቅር። ካንሰር የሚያክሙ ሆስፒታሎችም የዳነውን ሰው “ቀጠሮህ አልቋል” ብለው ከማሰናበት በየዓመቱ ጠርተው ይጠይቁት፤ መልሱንም ይጻፉት። ይኼ ሁሉ የአንዲት ስብሰባ አበል የሚጨርስ ሥራ አይደለም።

አንተ ጎረምሳ ደግሞ ስማኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋል አባቶች። ገላህን ስትታጠብ ራስህን እወቅ። እንግዳ ነገር ካገኘህ ለሐኪም አሳይ፤ ሳያይ ክኒን ቢሰጥህ ሌላ ሐኪም ፈልግ። አፍረህ ብትሸሽግ እንኳ የሚሸሸግ አይምሰልህ። ለሐኪም ያልታየ ለገናዥ ይታያል።

ቸር ያሰንብተን።