ክር ሲበጠስ ጥፋቱ ከወዴት ነው?

በቤት ውስጥ ከሚገኙት የሥራ መሣሪያዎች መካከል እንደ ልብስ ስፌት መኪና ለባለቤቱ የሚታመን፥ እንደ እርሱም በከንቱ የሚታማ ዕቃ የለም። ክሩ ሲበጠስ፥ ስፌቱ ሲዘል፥ ከጨርቁም ሥር ክር ሲተበተብ «መኪናው ተበላሸ» ይባላል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የተበላሸው መኪናው ሳይሆን የክሩ መንገድ ነው። ይህን ሳይመረምሩ ወደ ጠጋኝ የሚሮጡ ሰዎች ገንዘባቸውን፥ አንዳንዴም መኪናቸውን ያጣሉ። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን በካርቱም ከተማ በዓይናችን ያየነውን አንድ ነገር መነሻ አድርገን፥ የክር ችግር በምን ተራ መመርመር እንደሚገባው ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

ካርቱም ከኢትዮጵያ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከመካከለኛው የከተማ ክፍል በስተ ደቡብ የሚገኘው ዴም የተባለው ሰፈር የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ለረጅም ጊዜ በብዛት የኖሩበት በመሆኑ፥ በየመንገዱ የሚቆላ ቡና ይሸት፥ አማርኛም ይሰማ ነበር። እኛ በ2010 ዓ.ም. በዚያ ሰፈር ስንኖር ከጎረቤቶቻችን መካከል ሦስት ልጆችዋን በስፌት ሥራ ብቻ የምታሳድግ አንዲት እናት ነበረች። ሀብትዋ በእግር የሚረገጥ አንድ ጥቁር የስፌት መኪና ሲሆን፥ መብራት በጠፋ ጊዜ እንኳ ሥራዋ አይቋረጥም ነበር።

በዚያ ዓመት የዒድ አልፈጥር በዓል ሰኔ 8 ቀን ይውል ስለ ነበር፥ የሱዳን ጎረቤቶችዋ ለልጆቻቸው የበዓል ልብስ እንድትሰፋላቸው ጨርቅ አምጥተው ሰጥተዋት ነበር። በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው ገና አሥራ አንድ ልብስ አልተሰፋም። በዚሁ መካከል ሐቡብ ተነሣ። ሐቡብ የሚባለው በሱዳን በበጋው ሙቀትና በዝናሙ መግቢያ ወራት እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚመጣ የአቧራ ማዕበል ነው፤ መስኮት ቢዘጋም በስንጥቁ ገብቶ ከአልጋውም ከሌማቱም ላይ ይተኛል።

ማዕበሉ ካለፈ በኋላ መኪናው አንድ ስንዝር ሳይሰፋ ክሩ ይበጠስ ጀመር። እናቲቱም መኪናው ደረቀ ብላ በቤት ያገኘችውን የሰሊጥ ዘይት አፈሰሰችበት፤ ከዚያም የክር ማጥበቂያውን ብሎን አንድ ጊዜ አጠበቀች፥ አንድ ጊዜ አላላች። ነገሩ ከቀድሞው ባሰ። የተጠራውም ጠጋኝ መኪናውን ሁለት ጊዜ ብቻ አዙሮ «ይህ ሞቷል፤ ለብረቱ ያህል ልግዛሽ» አላት። የቤት ኪራይ ደርሶባት ስለ ነበር «መኪናውን ሸጬ ጨርቁን ለባለቤቶቹ እመልሳለሁ» ስትል ሰማናት። መኪናው ከተሸጠ በኋላ ልጆቹ በምን እንደሚያድጉ ግን ለመናገር አልደፈረችም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም።

ይህን የሰማች አንዲት ሱዳናዊት ጎረቤት በኦምዱርማን ገበያ ዕድሜውን በስፌት የፈጀ አንድ ሽማግሌ ይዛ መጣች። ሽማግሌውም ካቻቢቴ አልጠየቀም። የጠየቀው መብራት፥ ትንሽ ብሩሽ፥ አዲስ መርፌ፥ ቀይና ነጭ ክር ብቻ ነው። እናቲቱ «ሐጂ፥ በዓሉ ደረሰ፤ ቶሎ በሉልኝ» ብትለው «ሹዋያ ሹዋያ፥ እኅቴ» አላት፤ ይኸውም በዐረብኛ «ቀስ በቀስ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን በተራ እንነግራችኋለን፤ ከዚያ በፊት ግን ስፌቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሸማኔ ቤት ድርና ማግ እንዳሉ ሁሉ በስፌት መኪናም ሁለት ክሮች አሉ። የላዩ ክር በመርፌው ዓይን ያልፋል፤ የታቹ ክር ቦቢን በምትባለው ትንሽ ጥቅል ላይ ተጠንጥኖ ከመርፌው ሥር ይቀመጣል። መርፌው ጨርቁን በስቶ ይወርድና ጥቂት ከፍ ሲል የላዩ ክር በጎኑ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ ከሥር የሚዞረው ሹል መንጠቆም ያችን ቀለበት ይዞ በታቹ ክር ዙሪያ ያሳልፋታል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ክሮች በጨርቁ ውፍረት መካከል ይቆላለፋሉ። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው በእንዲህ ያለ ስፌት ለሚሠራ መኪና የፈጠራ መብት የተቀበለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. ነው፤ ስሙ በአገራችን ለመኪናው መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰው አይዛክ ሲንጀርም በ1851 ዓ.ም. ተከተለው። እንግዲህ ያች ቀለበት በጊዜዋ ካልተሠራች ወይም መንጠቆው ካልያዛት ስፌቱ ይዘላል፤ ክሩም በመንገዱ ላይ ከተያዘ ይበጠሳል።

ሽማግሌው በመጀመሪያ የላዩን ክር ፈጽሞ አውጥቶ እንደ ገና ከጥቅሉ ጀምሮ አስገባው። ይህንም ሲያደርግ ጨርቁን የሚጫነውን እግር ወደ ላይ አንሥቶ ነበር። ምክንያቱም እግሩ ሲነሣ ክሩን አጣብቀው የሚይዙት ሁለት ክብ ብረቶች ይላቀቃሉ፤ ክሩም በመካከላቸው በደንብ ይገባል። እግሩ ወርዶ ሳለ ክር ያስገባ ሰው ግን ክሩን ከብረቶቹ ውጭ ስለሚያስቀረው ማጥበቂያው አይሠራለትም። ከዚያም የሚቀጥል፥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ክር ሳቢ ክንድ አለ፤ ክሩ በእርሱ ዓይን ውስጥ ሳያልፍ ከቀረ ሁለት ሦስት ጊዜ እንኳ ሳይሰፋ ይተበተባል።

በሁለተኛ ደረጃ መርፌውን ለወጠ። አሮጌው መርፌ ለዓይን ደህና ቢመስልም ጫፉን በጥፍሩ ሲዳስሰው ታጥፎ ተገኘ። መርፌ ርካሽ ዕቃ ሲሆን ብዙ ሰው እስኪሰበር ድረስ አይለውጠውም፤ ስለት የጎደለው መርፌ ግን ጨርቁን ይቀድዳል፥ ክሩንም ይፍቃል። አዲሱ መርፌ ሲገባ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ሊገፋ፥ በአንድ ጎኑ ያለው ረጅም ቦይም ክሩ በሚገባበት በኩል ሊሆን ይገባል። የመርፌው ቁጥር ደግሞ ውፍረቱን ያመለክታል፤ 90 የተባለው መርፌ ውፍረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ለስስ ጨርቅ 70፥ ለመካከለኛ ጥጥ 80 ወይም 90፥ ለወፍራም ጨርቅ 100 ይስማማል። ወፍራም ክር በቀጭን መርፌ ዓይን ተጨናንቆ ሲያልፍ እንደሚበጠስ መዘንጋት አይገባም።

በሦስተኛ ደረጃ ቦቢኗን አወጣ። ክርዋ አንዱ ወገን ላልቶ አንዱ ጠብቆ ተጠንጥኖ ስለ ነበር ፈትቶ እንደ ገና በእኩል አጠነጠናት። ያልተስተካከለ ጥቅል ክሩን አንድ ጊዜ ይለቃል፥ አንድ ጊዜ ይይዛል፤ ስፌቱም እንደዚያው ይሆናል።

በአራተኛ ደረጃ ከመርፌው ሥር ያለውን ሳህን ፈትቶ በመብራት ተመለከተ። የመከራው ምንጭ የተገኘው በዚህ ነው። የሐቡብ አቧራ፥ የጨርቅ ብናኝና የሰሊጥ ዘይት ተደባልቀው መንጠቆው በሚዞርበት ስፍራ እንደ ጭቃ ደርቀው ነበር። የሰሊጥ ዘይት ለወጥ የተመሰገነ ቢሆንም ከብረት ላይ ሲቆይ እየወፈረ ሙጫ ይሆናል፤ አቧራንም ይስባል። ሽማግሌው እሳት በሌለበት ስፍራ በላምባ በራሰ ጨርቅ ሙጫውን አስለቀቀ፤ ብሩሹን እየነከረ ጥርሶቹን ጠረገ፤ ሁሉም ከደረቀ በኋላ ለስፌት መኪና የተዘጋጀውን ቀጭን ዘይት በየመገናኛው አንዳንድ ጠብታ ብቻ አደረገ። በአፉ ግን አልነፋም፤ ትንፋሽ አቧራውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፥ እርጥበቱም ብረት ያዝጋል።

ማጥበቂያውን የነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ በመጨረሻው ነው። ከላይ ቀይ፥ ከታች ነጭ ክር አድርጎ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፋ። ነጩ ክር በጨርቁ ላይ ብቅ ብሎ ከታየ የላዩ ክር ከመጠን በላይ ጠብቋል ማለት ነው፤ ቀዩ ክር ከሥር ከታየ የላዩ ላልቷል ማለት ነው። ብሎኑን ጥቂት እያዞረ በየጊዜው በቁራጩ ላይ እየፈተነ፥ በአራተኛው ሙከራ ቀዩ ከላይ፥ ነጩ ከታች ብቻ የሚታይ ቀጥ ያለ ስፌት ወጣ። እናቲቱም ቁራጩን ጨርቅ ተቀብላ ፊትዋን ሸፈነችበት። አሥራ አንዱ ልብስ ከበዓሉ ዋዜማ በፊት አለቀ፤ መኪናውም አልተሸጠም።

ሽማግሌው ሲሄድ የተናገረው ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮአችን አልጠፋም። «ክር ከጨርቁ ሥር ሲተበተብ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ከታች ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከላይ ነው» አለን። እውነትም የላዩ ክር በሚገባ ካልተያዘ ትርፉ ወደ ታች ወርዶ ይከማቻል፤ ያለ ጥፋቷ የምትወቀሰውም ቦቢኗ ናት። መሥሪያ ቤት ያላቸው አንባቢዎቻችን ይህን ቃል ለስፌት ብቻ የተነገረ አድርገው እንዳይወስዱት እንለምናለን።

የካርቱም አየር በተለይ ለክር አስቸጋሪ ነው። ከዝናም በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ አየሩም እጅግ ይደርቃል። ጥጥ ሲረጥብ የሚጠነክር፥ ሲደርቅ የሚደክም ስለ ሆነ፥ በመስኮት አጠገብ ፀሐይ ሲመታው የከረመ የጥጥ ክር በቀላሉ ይበጠሳል። እንዲህ ያለውን ክር ሁለት ክንድ ያህል ፈትቶ በእጅ ሳብ ሳብ ማድረግ ነው፤ ያለ ብዙ ኃይል ከተበጠሰ ጥፋቱን በመኪናው ላይ መጫን አይገባም። የደረቀውን ክር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ በራሰ ጨርቅ አጠገብ አሳድሮ መሞከር ይቻላል፤ ፀሐይ ያነተበው ክር ግን በዚህ አይድንም። በአዲስ አበባ ደግሞ ችግሩ የክረምት እርጥበት ነው፤ በዚያ መኪናውን የሚጎዳው ዝገት ስለ ሆነ ሥራ ሲያልቅ በደረቅ ጨርቅ መወልወልና መሸፈን ይገባል።

የሚያስገርመው ነገር ሱዳን በጥጥዋ የታወቀች አገር መሆንዋ ነው። የስናር ግድብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. ከተፈጸመ በኋላ የገዚራ እርሻ የለማው በዓባይ ውኃ ሲሆን፥ በዚያ የተመረተው ረጅም ጭረት ያለው ጥጥ ለጠንካራ ክር የሚስማማ ነው። ከጣና የወጣው ውኃ በገዚራ ጥጥ አበቅሎ፥ ጥጡም ክር ሆኖ ከኢትዮጵያዊት እናት መርፌ ላይ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ የዴምም ሰፈር ሰው እንደ ሌላው ሁሉ ተበተነ። በዚያ ዓመት ብዙ ኢትዮጵያውያን በገላባትና በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ያች እናትም ከነርሱ አንዷ ነበረች። ጠረጴዛውንና መርገጫውን ትታ የመኪናውን ራስ ብቻ በአንሶላ ጠቅልላ፥ ከልጆችዋ ጋር እየተፈራረቀች ተሸክማ ጎንደር ደረሰች። በእጅ የሚዞር መዘውር አስገጥማለት ዛሬም ትሰፋበታለች። በቅርቡ በላከችልን ደብዳቤ እንዲህ ብላናለች፤ «አሁንም ክር ሲበጠስብኝ ልቤ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ካቻቢቴ አላነሣም። እግሩን አነሣለሁ፥ ክሩን አስገባለሁ፥ መርፌውን አያለሁ፥ ቦቢኗን አያለሁ፥ አቧራውን እጠርጋለሁ። ሹዋያ ሹዋያ።»