ኃያላን ሲለዋወጡ ዋጋውን ማን ይከፍላል?

አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዋልትዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ የመንግሥታትን አካሄድ የሚወስነው የኃይል አሰላለፍ መሆኑን አስተምሯል፤ ሁለት ኃያላን የሚፋጠጡበትንም ሥርዓት ከሌላው ይልቅ የጸና አድርጎ ቆጥሮታል። ሥርዓቱ ግን ያለ ታላቅ ጦርነት ፈረሰ። መንሥኤው የበቀለው በሶቭየት ኅብረት ውስጥ ነበር፤ ንድፈ ሐሳቡ ደግሞ የአገሮችን ውስጥ አይመረምርም።

ለውጡ ገና ሳይጠናቀቅ በባሕረ ሰላጤው ታየ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1990 የጸጥታው ምክር ቤት ኢራቅን ከኩዌት በኃይል ለማስወጣት ሲፈቅድ፣ ሞስኮ ባግዳድን ትታ ከዋሽንግተን ጋር ድምፅ ሰጠች። በሶቭየት መሣሪያ ይዋጋ የነበረው የኮሎኔል መንግሥቱ መንግሥትም ደገፈ። ቻይና ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፤ የተቃወሙት ኩባና የመን ብቻ ነበሩ። ድኻይቱ የመን ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ ርዳታ ተቋረጠባት።

ዛሬ ባለ ብዙ ዋልታ ዓለም መጣ እያሉ የሚደሰቱ ጸሐፍት የሰንዓን ድምፅ ሲያነሡ አይሰሙም።